ምልክት ያደረግኩበት ብሎን

ያልጠረጠረ ተመነጠረ በሚባልበት በዚያ በደርግ ዘመን ጅማ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ሞተር እንጂ ሰው አላምንም እያልኩ እመጻደቅ ነበር።

አንድ ቀን መንደራ ቆጪ ሰፈር ወዳለው ጋራዣችን ከቡና ነጋዴ የተወረሰች፣ የእሽቅድምድም ሞተር ያላት መኪና መጣች። የሚነዳት ካድሬ፣ «ጓድ፣ ሊሙ ገነት መንገድ ላይ ሞተሯ ሁለቴ ጠፍቶብኛል። ሦስተኛ ጊዜ ከጠፋ ብልሽት አይደለም፣ አሻጥር ነው» አለኝ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚጠጣ የምትወስነው ካርቡራተሩ ላይ ያለች ትንሽ ብሎን ናት። እስክትቆም አጠበቅኳት፣ አንድ ተኩል ዙር መለስኳት፣ ከዚያ ሞተሩ እስኪረጋ በጆሮዬ እየተከተልኩ አስተካከልኳት። አናቷ ላይ በእህቴ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመርኩ። የነካት ሰው ቢኖር መስመሩ ያሳብቅበታል።

መኪናዋ የምታድረው ጋራዡ ግቢ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማልጄ ስደርስ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ መካኒክ ካቻቢቴ ይዘው ሞተሩ ላይ አጎንብሰዋል። ሲያዩኝ ኮፈኑን ዘጉት።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ምንም፣ ልጄ። ዘይት እያየሁ ነው።»

ዘይት በካቻቢቴ! ደሜ ፈላ። እኔን አስበልተው ጋራዡን ለብቻቸው ሊይዙ ነው አልኩ። ካድሬው ሲመጣ፣ «ብሎኗን የሚነካካ ሰው አለ፣ እኔ ግን አይደለሁም» አልኩትና ወደ ሽማግሌው ተመለከትኩ። ያን ያህል ብቻ። ከቀትር በፊት ወሰዷቸው።

በሳምንቱ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይንተፋተፍ ጀመር። መስመሬ ሩብ ዙር ዞሯል። የጠረጠርኳቸው ሰው ያሉት እስር ቤት፣ ከታሰሩ ወዲህ የግቢው ቁልፍ ያለው እኔ ኪስ ብቻ። ብሎኗን ፈታሁ። ይዛ የምታቆማት ሞላ ደክማለች፤ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ብሎኗ በራሷ ትዞራለች። ለካ ሽማግሌው እንዳልደነግጥ ሳይነግሩኝ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እየመጡ ወደ ምልክቴ ይመልሷት ኖሯል። የመሣሪያ ሳጥናቸውን ስከፍት ከሽቦ ጠምጥመው የሠሯት አዲስ ሞላ በወረቀት ተጠቅልላ አገኘኋት።

እሷኑ ገጠምኩ። ለካድሬው ግን እውነቱን አልነገርኩትም፤ ፈራሁ። ዛሬም አፍርበታለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከስተው ተፈቱ። ማን እንደጠቆመባቸው አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲህ ግን የየትኛውንም መኪና ኮፈን ሲከፍቱ አስቀድመው እኔን ይጠሩኝ ጀመር። ካቻቢቴውን ከፍ አድርገው ያሳዩኝና፣ «ኮቱ፣ ና ልጄ፣ እያየኸኝ ልንካው» ይሉኝ ነበር።