ራውተራችንን ከሩቅ የምትጠብቅልን ልጅ

የዚያን ቀን ቤት ውስጥ አምስት ነበርን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ጠበል ሊረጩ የመጡት የንስሐ አባታችን፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ ከገሳይ ከተማ ደግሞ ራውተሩን ልታስተካክልልን የመጣችው የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኛ። ልጄ ከባሏ ጋር አረብ አገር ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ሊገባ ነበር። ድምጿን የምሰማው ሳሎን ጥግ ባለችው ነጭ ሳጥን በኩል ብቻ ስለሆነ መብራቷ በጠፋ ቁጥር ጓደኛዋን እጠራለሁ።

ጓደኛዋ ባሕር ዳር ሥራ አግኝታ በሳምንቱ ልትሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ቢበላሽ ማን ሊጠግነው ነው ብዬ ስጨነቅ፣ እዚያ ሆና መጠገን እንድትችል አድርጋው እንደምትሄድ ነገረችኝ። ይኼ ጭራሽ አባሰብኝ። እሷ ከባሕር ዳር የምትገባበት በር ካለ ሌባስ ለምን አይገባበትም?

ሰምታኝ ስትጨርስ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አሳየችኝ። በእኛ ሰፈር እሳት ሊጭር የመጣ ጎረቤት ባዶ እጁን አይመለስም። ዋይፋይንም እንደዚያው ነበር የማየው። ማኅበር ቤቴ ሲደርስ እንግዶቹ ቁልፉን ለመጠየቅ እንዳይሳቀቁ፣ ከሳጥኑ ሥር የተጻፈውን ሁሉ በወረቀት ገልብጬ ከሥዕለ ማርያም ዝቅ አድርጌ ለጥፌዋለሁ። ለካ ከገለበጥኩት ውስጥ አንዱ መስመር ሳጥኑን ራሱን የሚያዙበት ኖሯል። እሳቱን የሰጠሁ መስሎኝ ምድጃውን ሰጥቻለሁ።

ወረቀቱን ቀስ ብላ ላጠችው። አላሳፈረችኝም፤ ከፋብሪካ የመጣውን ቁልፍ ሳይለውጥ የሚኖር የተማረ ሰውም ብዙ ነው አለችኝ።

ከዚያ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ሥራ ጀመረች። ያረጀውን ፕሮግራም አደሰች፣ የማዘዣውን ቁልፍ ለወጠች፣ ዋይፋዩን የቤተሰብና የእንግዳ ብላ ለሁለት ከፈለችው።

«እኛን ከሳሎን ወደ ጓሮ አወረድሽን በያ» አለቻት ጎረቤቴ።

«እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም፣ እትዬ።»

ባለቤቴ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

ከውጭ ሆኖ ሳጥኑን ማዘዝ የሚያስችለውን በር ጨርሶ ዘጋችው። በምትኩ ከእሷ ኮምፒውተር ብቻ የሚነሳ፣ መሐል ላይ ማንም ሊያነበው የማይችል አንድ መስመር ዘረጋች። ኮምፒውተሩ ሳጥኑ የሚለይበት የራሱ ምስጢር አለው፤ በዚያ ላይ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ይህን ካደረገች በኋላ የሠራችውን አላመነችውም። ከዋይፋያችን ወጥታ፣ አስፋልቱ ዳር ቆማ፣ በስልኳ መስመር ልትገባ ሞከረች፤ ከለከላት። በእንግዳው በኩል ሞከረች፤ ያም ከለከላት። በኮምፒውተሯ ግን ገባች። አጥር የሠራ ሰው ራሱ እንደ ሌባ ዞሮ ሲነቀንቀው ያን ቀን አየሁ። አባም የቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት እንኳ እንዲህ እንዳልተቆለፈ ተናግረው ሳቁ።

ከሁሉ የበለጠ የገረመኝ ግን የመጨረሻው ነው። እሷን ራሷን እንዴት እንደማስወጣት አስተማረችኝ። «ቤቱ የእርስዎ ነው። እኔንም መዝጋት መቻል አለብዎት» አለችኝ። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን ያሳየችኝን ተጭኜ ዘጋሁባት። ኮምፒውተሯ ውጭ ቀረ። እሷ እንደ ተሸለመ ሰው ደስ አላት፤ እንደገና አስደገመችኝ። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። መልሼ የከፈትኩላት እኔው ነኝ።

በሄደች በሁለተኛው ሳምንት የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ደረሰ። ጠዋት አማቼ ልጄ ምጥ ይዟት ሆስፒታል መግባቷን ጻፈልኝ። ከቀትር በኋላ ሲደውል ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይጠፋል። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል፤ ወጣቶቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። የማርያምን ጽዋ ሊጠጣ የመጣን ሰው ስልክህን ዝጋልኝ እንዴት ይባላል? «ማርያም ትቅረብሽ» እያልኩ ጓዳ ገብቼ ባሕር ዳር ደወልኩ።

ምንም እንዳልነካ አዘዘችኝ። በኮምፒውተሯ ገባችና እንግዶቹ መስመሩን ሁሉ እየሳቡት መሆኑን እንዳየች፣ የእነሱን አቅጥና ሌላውን ለቤተሰቡ እንደምትተው ነገረችኝ። ማንም ላይ አልዘጋችም። አንዱ ወጣት ኔትወርኩን ረግሞ ስልኩን ኪሱ ከተተና ጠላውን አነሳ። ማንም አልተቀየመ፣ ማንም አላፈረ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የእኔን እንግዳ ያለ ቃል ያስተናገደች እሷ ናት።

ላመሰግናት አፌን ስከፍት፣ ስልኩን ዘግቼ አማቼን እንድጠብቅ ነገረችኝ። ወዲያው ጠራ። የአማቼ ፊት ከነፈገግታው ጥርት ብሎ ወጣ። ሰላምታውን አልጠበቅኩም።

«ልጄ እንዴት ናት? ተገላገለች ወይ?»