ያልገባንበት ቤት

በርበሬ ከገበያ በጠፋበት ዓመት ጎረቤታችን ነጋዴው ታሰረ። እጃጂ ከተማ ውስጥ አውራ ጎዳናው ዳር ሱቅ ነበረው። ከደቡብ የመጣ ሙስሊም ነው፤ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ከሱቁ ጀርባ ባሠራው ቤት ይኖር ነበር። እኔና ባለቤቴ በዚያው ግቢ ጥግ፣ ቁልቁለቱ ላይ ባለች አንዲት የጭቃ ክፍል ነበርን። ኪራዩን ቀድሞ ለእሱ እንከፍል ነበር፤ ትርፍ ቤት ሲወረስ ክፍሏም ተወርሳ ለቀበሌ መክፈል ጀመርን። ሰውየው በዚህ ቂም አልያዘብንም። ሚስቱማ ስወልድ አጠገቤ የነበረች፣ የአራስ ገንፎዬን ያገነፋች ሴት ናት። እናቴ ከአምቦ እስክትደርስ ድረስ እናቴ እሷ ነበረች።

እኔ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። ባለቤቴ የእርሻ ቢሮ ሠራተኛ ሲሆን የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር ቀበሌው ጸሐፊ አድርጎ መርጦታል። ሁለታችንም ወንጌላውያን ነን፤ የተዋወቅነውም አምቦ፣ መዘምራን ውስጥ ነው። በዚያ ሰሞን ጸሎት ቤታችን ገና አልተዘጋም ነበር፤ ግን የቀበሌው ስብሰባ ሁልጊዜ እሑድ፣ ልክ በአምልኮ ሰዓት ይጠራ ነበር።

ክረምት ሲገባ የክፍላችን ግድግዳ ያልበዋል፤ ከወለሉ ውሃ ይመነጫል። የሦስት ዓመት ሴት ልጃችን ሳል አይለቃትም፤ ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ክሊኒኩ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሞክሬላታለሁ። የሚያስፈልጋት ደረቅ ቤት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ደረቅ ቤት ግን ከየት ይመጣል?

ነጋዴውን የወሰዱት በጠራራ ፀሐይ ነው። ከመጋዘኑ በርበሬ የሞላበት ጆንያ ተገኘ ተባለ። ደብቆት ይሁን ሊሸጠው ያስቀመጠው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደብቆትም ሊሆን ይችላል። በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሶ ወደ አምቦ ተላከ፤ ሱቁ ታሸገ፣ ቤቱ ተወረሰ። ሚስቱና ልጆቹ ግቢው ውስጥ ካለው ማድ ቤት ገቡ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ባለቤቴ ለምሳ መጣና ሳይቀመጥ እጁን ዘረጋልኝ። መዳፉ ላይ ቁልፍ ነበር።

«ቤቱ ለእኛ ተሰጠ» አለኝ። «እኔ አልጠየቅኩም። የልጅቷን ሕመም ሊቀመንበሩ ራሱ አንስቶ ነው የተወሰነው።»

መዋሸት አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ምሳውን እንኳ ሳላቀርብ ልጄን አቅፌ ቤቱን ልናይ ሄድን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መስኮቶቹ መስታወት አላቸው። ልጄን ሳወርዳት ባዶውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር ሮጠችበት፤ ድምፅዋ መልሶ ሲመጣላት ትስቃለች። እኔም አልጋዋን የት እንደማደርግላት በዓይኔ እለካ ጀመር። መኝታ ቤቱ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ወለሉ ከሌላው ቦታ ይልቅ ለስልሷል፤ ምንጣፍ ዘርግተው የሚሰግዱበት ስፍራ ነው። ዞሬው አለፍኩ እንጂ ልረግጠው አልደፈርኩም።

በጓሮው በር ስወጣ ሴትየዋ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች። ከዚያ በፊት ተነስታልኝ አታውቅም፤ ታላቄ ስለሆነች የምነሳው እኔ ነበርኩ።

«እንኳን አንቺ ሆንሽ» አለችኝ። «የማናውቀው ሰው ከሚገባበት።»

«እትዬ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ቧንቧው ከቤቱ ጋር ነው አሉኝ። ለልጆቹ ጠዋት ጠዋት አንድ ባልዲ እንድቀዳ ትፈቅጂልኛለሽ?»

ቧንቧውን ያስገባው ባሏ ነው። እኔም ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ልቤ ስቀዳበት ማንም አስፈቅጂ ብሎኝ አያውቅም። «ምን ነካሽ እትዬ» አልኳትና «ቅጂ» ሳልላት ልጄን ይዤ ሸሸሁ።

ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ጭር ሲል መርፌ የምንቀቅልበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ተንበረከክሁ። የጸለይኩት እግዚአብሔር ቤቱን እንዲፈቅድልኝ ነው። የልጄን ደረት ነገርኩት፤ ሴትየዋ ራሷ እንኳን አንቺ ሆንሽ እንዳለችኝ ነገርኩት። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ወደ ልቤ የመጣው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ የባልንጀራዬን ቤት እንዳልመኝ የታዘዝኩት። ትእዛዙ «ልጅሽ ካልታመመች በቀር» የሚል ነገር አልነበረበትም። ተነስቼ ጉልበቴን አራገፍኩ።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት።

«አንገባበትም።»

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ከዚያ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካልገባንበት ሌላ ሰው ይገባበታል እንጂ ቤቱ ለእሷ አይመለስም።»

«አውቃለሁ።»

«እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያልሠሩትን ቤት ሰጥቶ አያውቅም? ስለዚች ልጅ ያለቀስነውን ሰምቶ ቢሆንስ?»

«ሰምቶ ከሆነ የሌላ ሰው ልጆችን ማድ ቤት አስገብቶ አይሰጠንም።»

«እምቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሻል? ቤቱ የተወረሰው በግፍ ነው ማለት ነው። ለአሻጥረኛ ወግናችኋል ይሉናል። ደግሞ ሃይማኖታችንን ያውቁታል፤ ሰበብ እስኪያገኙ ነው እንጂ።»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ሐሳቤን እንዳልለወጥኩ ሲያይ ብሶበት ወደ ልጅቷ ጠቆመ። «ይቺ ልጅ አንድ ነገር ብትሆን እግዚአብሔርን ታዘዝኩ ብለሽ ትጽናኛለሽ?»

ይህ ቃል እንደ እሾህ ገባ። ያን ሳምንት ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ሳንነጋገር ኖርን። ቁልፉ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ልጅቷ ባሳለች ቁጥር እሱ ወደ እኔ ያያል፤ እኔ ወደ መሬት። ባልዲ ሲንኳኳ ስሰማ ደግሞ ሴትየዋ ልጆቿን ሩቅ ወንዝ ስትልክ አያለሁ። ቅጂ ስላላልኳት ቧንቧውን አልነካችም ነበር።

ቅዳሜ ባለቤቴ «ነገ የቤቱ ርክክብ በስብሰባው ላይ ይነበባል» አለኝ። «እኔ አፌን ሞልቼ እምቢ ማለት አልችልም። ካልሽ አንቺው ተናገሪ።»

እሑድ ልጄን አዝዬ ስገባ የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፤ እናቱን ክሊኒክ ሳክማት ስለኖርኩ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያልፈው። ባለቤቴ ከጎኑ ጠረጴዛው ላይ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። የእኛ ጉዳይ ሲነበብ እጄን አወጣሁ። ተነስቼ የፊቴን አግዳሚ ወንበር ያዝኩ።

«ስላሰባችሁልን አመሰግናለሁ። ቤቱ ግን አልገባበትም» አልኩ።



«ምን ጎደለው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምንም አልጎደለውም። ፈጣሪዬን ስለምፈራ ነው።»

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «እህት ጓድ፣ ሰውየው በርበሬ አልደበቀም ነው የምትይው?»

«ደብቆ ይሆናል። እሱን የምትፈርዱት እናንተ ናችሁ። ልጆቹ ግን አልደበቁም። እነሱ ከማድ ቤት እያዩኝ እዚያ ቤት ውስጥ መጸለይ አልችልም።»

ሊቀመንበሩ አንገቱን አቀረቀረ። ለአፍታ የሚተወኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ጓድ ጸሐፊ፣ አንተስ? ይህ የሚስትህ ሐሳብ ነው የቤታችሁ?»

ባለቤቴ ብዕሩን አስቀመጠ። እንዲክደኝ ጠበቅሁ። ቢክደኝ እንደማልፈርድበትም በልቤ ወስኜ ነበር፤ ሁለታችንም ከታሰርን ልጅቷን የሚይዝልን ሰው የለም። ኪሱ ገብቶ ቁልፉን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«የቤታችን ነው» አለ።

እኔን ወደ ቤቴ ሰደዱኝ፤ እሱን አዳራሹ ጀርባ ካለች ክፍል አሰሩት። ያን ቀን ልጄን አዝዬ ግቢው ስገባ ሴትየዋ ወሬውን ሰምታ ጠበቀችኝ። አላመሰገነችኝም። «ምነው ልጄ፣ ባልሽን ምን ውስጥ ከተትሽው?» ብላ አለቀሰች። የእሷ ባል በታሰረበት እኔም ባሌን ማሳሰሬ ሐዘኗን አበዛው እንጂ አላቀለለውም። ልጄን ከጀርባዬ አውርዳ ማድ ቤቱ እሳት አጠገብ አስቀመጠቻት።

ስንቅ በየቀኑ አመላልስ ነበር። ዘበኛው አረጋዊ ሰው ነው፤ ባለቤቴን በኦሮምኛ አክብሮ «ኦቦ ጸሐፊ» ይለዋል። ደህንነቱን ሹክ ይለኝና «ማሎ፣ እባክሽ፣ አሁን ሂጂ፣ ሳያዩሽ» እያለ ይለምነኛል። አንድ ቀን ባለቤቴ በዘበኛው በኩል ላከብኝ፦ «ስለ ልጅቷ የተናገርኩትን እርሺው።» ልረሳው አልቻልኩም፤ ግን እንዲህ ማለቱ አበረታኝ።

ፈቱትና ከጸሐፊነቱ አነሱት፤ ወር ሳይሞላ ወደ ሸነን ከተማ ተዛወረ። የነጋዴው ቤት የሊቀመንበሩ ዘመድ ገባበት። ሴትየዋን ከቧንቧው ከለከላት አሉ፤ ባሏ ተፈትቶ ሁሉንም ይዟቸው ወደ ደቡብ እስኪሄድ ድረስ ልጆቿ ወንዝ ሲመላለሱ ኖሩ። የእኔ እምቢታ ለእሷ አንድ ባልዲ ውሃ አላተረፈላትም። ይህን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል። ያን ጊዜ የጠየቀችኝን ያህል እንኳ መስጠት አልቻልኩም።

ሸነን ደጋ ነው፤ የተከራየነው ቤት ከፊተኛው አይሻልም። በመጀመሪያው ክረምት ልጃችን ክፉኛ ታመመች። ከንፈሯ ሲጠቁር ባለቤቴ ያለኝ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር፤ እሱ ግን አልደገመውም። ልጅቷን በደረቱ አቅፎ፣ ከወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ፣ መዘምራን ሳለን የምንዘምረውን በለሆሳስ ያዜምላት ጀመር። እኔ በንዴትም በልመናም ጸለይኩ። ስለታዘዝኩ ልጄን አትርፍልኝ ብዬ ለመደራደር ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ። ዝም ብዬ ልጄን አትርፍልኝ አልኩ።

ተረፈች። አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ክረምት ሲገባ ትንሽ ያስላታል።

ከዚያ ክረምት በኋላ በመጣው በጋ፣ በር ላይ ተቀምጠን ፀሐይ ስንሞቅ ባለቤቴን ጠየቅሁት። «ያን ቤት ታስበዋለህ?»

«አስበዋለሁ» አለኝ። «መስኮቱን በተለይ። አንቺስ?»

«እኔም አስበዋለሁ።»

ልጃችን አቧራው ላይ ድንጋይ ትደረድራለች። ባለቤቴ ተነስቶ አጠገቧ ተቀመጠና አብሯት ይደረድር ጀመር።