ለአክስቷ የጻፈችው መልስ

ልጅቱ የቤት ዕቃ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ሥራዋ መልስ መጻፍ ነበር። ሰው በድርጅቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ቢያመሰግን «እኛም እናመሰግናለን»፣ ቢሳደብ «ውድ ደንበኛችን፣ ስላጋጠመዎት ሁሉ እናዝናለን» ትላለች። ያሳደገቻት አክስቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ለልኬት ለሚመጣው ሁሉ «የኔ ልጅ ቢሮ ገባች» እያለች ታወራላት ነበር። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ሲያምራትም ሌላ ሱቅ አላየችም፤ «ከልጄ ቤት» ብላ ከዚያው ገዛች።

አንድ ጠዋት የፈላውን ውሃ ስታነሳ እጀታው ተነቅሎ በግራ እጇ ቀረ። ውሃው መቀስ የምትይዝበትን ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ለበለበው። ጎረቤቷ የተላጠውን እጅ በአክስቲቱ ስልክ ፎቶ አንስታ ገጹ ላይ ለጠፈችላት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወሬው አገር አዳረሰ። «የኛም ተነቅሏል» የሚሉ መጡ፤ ማንቆርቆሪያውን በዓይናቸው ያላዩትም አብረው ተሳደቡ።

ልጅቱ ፎቶውን እንዳየች አለቃዋ ዘንድ ሮጣ ገባች።

«አክስቴ ናት። እጀታው ነው የተነቀለው።»

አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሳበላት። «እግዜር ይማራት። ግን ለአንዷ አጠፋን ካልን ነገ ሺው በር ላይ ነው።»

«ዝም ብንልስ?»

«ዝም አይነቅዝም የተባለው ድሮ ነው፤ ዛሬ ውሎ ሳያድር ይነቅዛል። ከውሃ መጠን ምልክቱ በላይ ሞልተውት ነው በይ።»

«ማን አይቶ?»

«አጣርተናል በይ።»

እምቢ ብትል ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ፣ ጽሑፉም ያው እንደሚሆን ታውቃለች። ጻፈችው። ነገሩ ወዲያው ተገለበጠ፤ ጠዋት ያዘኑት ሰዎች «አሮጊትን ምን ኤሌክትሪክ አስነካት» እያሉ ይስቁ ጀመር።

ከሥራ ወጥታ በቀጥታ አክስቷ ቤት ሄደች። የታሸገው እጅ ትራስ ላይ ተጋድሟል። ያልተጨረሰ ቀሚስ መርፌው ሥር እንደገባ ቀርቷል።

«ሞልቼው ይሆን እንዴ?» አለች አክስቲቱ። «ዓይኔም ደክሟል።»

«አልሞላሽውም፣ እቴቴ።»

«አጣርተናል ብለዋል እኮ።»

«ማንም አላጣራም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አክስቲቱ ትክ ብላ አየቻት። ልጅቱ ቁጣ ጠበቀች፤ ብትቆጣት በወደደች። የአክስቷ ፊት ግን ላላ አለ።

«እንዲህ በይኝ እንጂ። የማያውቀኝ ሰው ስሜን አጠፋ ብዬ ስንገበገብ ዋልኩ። አንቺማ በኔ ላይ ውሸት አትጽፊም።»

«ውሸት ነው፣ እቴቴ።»

«ተይ፣ እኔን አጽናናለሁ ብለሽ ሥራሽን እንዳታበላሺ። በይ ያንን ፎቶ አጥፊልኝ፤ እኔ አልችልበትም።»

ልጅቱ ተከራከረች፣ ለመነች፣ አለቀሰች። አልሆነም። አጠፋችው። በማግስቱ አለቃዋ «ተመስገን፣ በረደልን» አላት።

የአክስቲቱ ጣቶች እንደ ድሮው መታጠፍ እምቢ አሉ። የልብስ ስፌት መኪናው በአንሶላ ተሸፈነ። ምን ሆነሽ ነው ብሎ ለጠየቃት ሁሉ «እኔው ነኝ፣ ሞልቼው» ትላለች። ልጅቱ አጠገቧ ካለች «አይደለም» ትላለች፤ ሰውም ለአክስቷ አዝና መስሎት በፍቅር ይመለከታታል።