የዳለቻዋ ደረሰኝ

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ በር ላይ ማንጎ የምትሸጠው ፈትያ፣ በዚያ ሐሩር ኮት የለበሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስታይ ዓይኗን ማመን አቃታት። ተማሪው ኮቱ እንዳይጨማደድ ብሎ ቁጭ እንኳ አላለም። ስለ ቀወት ማሽላ ያጠናውን ጥናት በውሃ ቧንቧ ቁራጭ ውስጥ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል፤ አዲስ አበባ ጉባኤ ላይ ሊያቀርበው ነው።

ጓዙን ከገጠር በአህያ ጭነው ያመጡለት ሽማግሌ አጠገቡ ቆመዋል። ዩኒቨርሲቲው የጉዞ ድጋፉን የሚሰጠው ለየመጓጓዣው ደረሰኝ ሲቀርብለት ነውና ተማሪው ቅጹን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ የሰሌዳ ቁጥር?»

«ዳለቻ ናት በላቸው።»

«የባለንብረቱ ስም?»

«ደሞ ስሜም ጠፋህ?»

ተማሪውን ላብ አጠመቀው። ከቅጹ ግርጌ ያለውን ማሳሰቢያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበላቸው፦ «የቤተሰብ ማጓጓዣ አይወራረድም።»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹና ወደ ፈትያ ዞሩ። «እህቴ፣ ለዛሬ ብቻ ባለአህያ ሁኚልን።»

«ወላሂ፣ ከሰጣችሁኝ አይቀር በቅሎ ብታደርጓት ምናለ!» አለችና ፈረመች።

አውቶቡሱ ሲነሳ ተማሪው እስከ ወገቡ በመስኮት ወጣ፤ ኮቱም ተጨማደደ።

«አባዬ! ውሃ አጠጣት፣ እሺ!»

«ጋሼ በል እንጂ፣ ይሰሙሃል!» አሉት ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ።