ሳይጎን ላይ የደረስነው ለቅሶ

አገር ማየት አእምሮ ያሰፋል ይላሉ። አያሰፋም። ዓለምን ሲዞሩ ኖረው ከራሳቸው ሌላ ምንም ያላዩ ሰዎችን አውቃለሁ። ከውጫሌ ገበያ አልፈው የማያውቁ፣ ግን ሰውን በአንድ ጥያቄ ከነጓዳው የሚያነብቡ ነጋዴዎችንም አውቃለሁ። ወደ እኛ ሐይቅ የሚመጡት ቱሪስቶች ገዳሙን አይተው፣ የተጠበሰ ዓሣ በልተው፣ ውሃውን ፎቶ አንሥተው በዚያው ቀን ወደ ላሊበላ ያልፋሉ። አገራቸው ሲገቡ «ሐይቅን አየናት» እንደሚሉ ሳስብ እስቅ ነበር። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነና የጀርባ ቦርሳ አዝዬ ሰው አገር ሄድኩ።

ሐሳቡ የልጃችን ነው። ዱባይ የሄደችው በቤት ሠራተኝነት ነበር፤ አሁን ሆቴል ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች። እዚያ ሆቴል የሚያርፉ ወጣት ጥንዶች ከቬትናም ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ ሳይጎን ማታ ብቻ ነው አለችን። እናንተም አንዴ እንደ ሰው ተዝናኑ ብላ ትኬት ቆርጣ፣ ሁለት ግዙፍ የጀርባ ቦርሳዎች በሰው እጅ ላከች። እኔ ሃምሳን ተሻግሬያለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ስለ ማታ የምታውቀው ዒሻ ሰግዶ በር መቆለፍን ነው። ቢሆንም እሺ አልኩ። ስለዚያ አገር የጻፉ ሰዎችን ብዙ አንብቤ ስለነበር፣ መሳሳታቸውን በዓይኔ ማረጋገጥ ፈለግሁ።

የባለቤቴ ልብ ግን አልተነሣም። ምክንያቷ ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጎረቤታችን ናት። በዕድሜ ባለቤቴን ትበልጣታለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ስኳር ያለባት፣ ምላሷ ግን ስኳር ነክቶት የማያውቅ ሴት። ልጆቻቸውን ያሳደጉት አብረው ነው፤ የአንዷ ልጅ ከየትኛዋ ቤት እራቱን እንደሚበላ እኔ ተከታትዬ አላውቅም።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። በወሎ ቅሬ የሚባል አለ። የአንድ ሰፈር ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሬሳውን በአንድነት የሚቀብርበትና ለቅሶ የሚቀመጥበት ማኅበር ነው። ሰርግ ብትቀር ትታማለህ። ቀብር ከቀረህ ግን ቅሬው ፊት ቆመህ ምክንያትህን ታስረዳለህ። ከቅሬውም የሚከብደው የሟች ቤተሰብ ነው። እነሱ ፊታቸውን ካዞሩብህ፣ አንተን ነገ ማን እንደሚቀብርህ እያሰብክ ታድራለህ።

የምንሄድ ቀን ባለቤቴ ልትሰናበታት ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

«እትዬ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳትሞቺ» አለቻት።

«ሂጂ ወዲያ! ለአንቺ ብዬ ቀጠሮ ላዛውር ነው?»

«ወላሂ ከሞትሽ አልቀብርሽም።»

«ሳትኖሪ እንዴት አድርገሽ ትቀብሪኛለሽ?» ብላ ሳቀች ጎረቤታችን። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ግን ነይ» አለቻት።

የሳይጎን ሙቀት እርጥብ ጋቢ ለብሶ እንደ መዋል ነው። ሐይቅ ከተማን «ባጃጅ አበዛሽ» እያልኩ ስወቅሳት ኖሬያለሁና፣ በሞተር ሳይክል ጎርፍ መካከል ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጃችን የያዘችልን ማረፊያ እንደኛ ቦርሳ ያዘሉ ወጣቶች የሚበዙበት ሰፈር ውስጥ ነው። ሲመሽ መንገዱ ለመኪና ይዘጋል። ግራና ቀኝ ያሉት መጠጥ ቤቶች ሙዚቃቸውን ወደ መንገዱ ይለቃሉ፤ እያንዳንዱ የጎረቤቱን ድምፅ ለመዋጥ ይታገላል። ሰዉ እንደኛ ዱካ በርጩማ መሬት የቀረቡ የፕላስቲክ መቀመጫዎች ላይ ጉልበቱን ታቅፎ ይቀመጣል። ሁሉም ከየአገሩ የመጣው የተለየ ነገር ለማየት ነው። የሚጠጣው ግን አገሩ የሚጠጣውን ነው፤ የሚዘፍነውም አገሩ የሚዘፍነውን። ልዩነቱ እዚህ ላብ አለው።

አንዱ ጎልማሳ ፊኛ ገዛ፤ ውስጡ ያለውን አየር ወደ ሳንባው ሳበና ብቻውን ይንከተከት ጀመር። ሰፈሩ እንዲህ የሚያስቅ ጋዝ የተሞላ ፊኛ ይሸጥበታል። ባለቤቴ ሻሿን አጥብቃ ስታስተውለው ቆየች።

«ሳቅ እዚህ በግዢ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። «የእኛዋ በነፃ ነው የምታስቀን።»

ባህል የሚባለውን ደግሞ በትኬት አየን። ውሃ ላይ የሚጫወቱ የእንጨት አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ሩዝ ይተክላሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። ተመልካቹ ሁሉ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኗል፤ በዓይኑ የሚያይ ከተገኘ ባትሪው ያለቀበት ነው። የሐይቅ ሰው ዓሣ ሲጠመድ ለማየት ባሕር ተሻግሮ ሄደ እንዲባልልኝ እኔም አንድ ፎቶ አነሣሁ። ልጃችን በየቀኑ ፎቶ ትጠይቃለች፤ ስንልክላት ደግሞ «ምነው ፈገግ አትሉም?» ትላለች።

ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ጠዋት ስነሣ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት አገኘሁ። የቅሬው ዳኛ ነው። ጎረቤታችሁ ትናንት ወደ አኼራ ሄዳለች፤ ከመግሪብ በፊት ቀብረናታል፤ እናንተ ያላችሁበትን አላህ ያውቃል ይላል። የመጨረሻዋ ቃል ዱዓ ትመስላለች። አይደለችም።

ባለቤቴ የሟችን ሴት ልጅ ደጋግማ ደወለችላት። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ያቺን ልጅ ያዘለቻት፣ ለትምህርት ቤት ያጠበቻት፣ ስታገባም ሂና የቀባቻት እሷ ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። ይህ ነው ያስፈራኝ። እኛ ዘንድ ለቅሶ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ የሚጀምርልህ፣ የሚቀበልህ፣ በቃህ የሚልህ ሰው ይፈልጋል። ከእኔ ጋር ሆና ሊወጣላት አልቻለም። እኔ ከመጽሐፍ ስለ ሞት የተባሉ ብዙ ነገሮች አውቅ ነበር። አንዳቸውንም ሳልናገር መዋሌ ከሠራኋቸው ጥቂት መልካም ሥራዎች አንዱ ነው።

ሊመሽ ሲል አየር እንድታገኝ ብዬ ይዣት ወጣሁ። ከመጠጥ ቤቶቹ ርቀን ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባን። እዚያ መንገዱን የዘጋ ሰማያዊ ድንኳን አገኘን። መብራቱ ይደምቃል፤ አበባው ተደርድሯል፤ መለከት ይነፋል። ከንፈሩን ቀይ የተቀባ፣ የሴት ቀሚስ የለበሰ ዘፋኝ መድረኩ ላይ ይሽከረከራል።

«ሰርግ ነው» አልኳት፤ የአገሬውን ሰርግ ሥርዓት ላብራራላትም ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ለቅሶ ነው» አለች።

ወደ መለከቱ ጠቆምኳት። ወደ ዘፋኙም ጠቆምኳት። እሷ ግን ጥግ ላይ ጠረጴዛ ከብበው ካርታ የሚጫወቱትን ወንዶች ነው የምታየው። እኛም ጋ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያመሽ ወንዶቹ ካርታ ይዘው ይቀመጣሉ።

«ሰርግ ላይ ማን ካርታ ይጫወታል?» አለችኝ።

«ቢሆንስ? ማን ጠራን?»

«ለቅሶ ተጠርቶ ነው እንዴ የሚኬደው?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ ገባች። ከሻማዎቹ ጀርባ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ሻሿን ፈታ ወገቧ ላይ አሰረች፣ ደረቷን መታች፣ ከዚያ ጠዋት ያልወጣው ሁሉ ወጣ። በአምባሰል ገደል ለገደል የሚያስተጋባ ድምፅ ነው፤ ለድንኳን አልተሠራም። መለከተኛው መለከቱን ከአፉ አወረደ። ዘፋኙ መሽከርከር አቆመ። ካርታ የያዙት ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቀሩ።

ግንባሯ ላይ ነጭ ጨርቅ ያሰረች አሮጊት ከፎቶው ሥር ተቀምጣለች፤ የሟች ሚስት ናት። ፎቶውን አየች። ባለቤቴን አየች። ፎቶውን ደግማ አየች። ሟቹ በሕይወት ሳለ ማስረዳት የነበረበትን አንድ ነገር ሳያስረዳ የሄደ ይመስል ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ሰውዬው በወጣትነቱ የመርከብ ሠራተኛ ነበር፤ ይህም ነገሩን አላቀለለውም።

የሟች ትልቁ ልጅ፣ እንደ እኔ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ አነጋገረኝ። ትሕትናው ፍርሃት ነበረበት።

«እናቴ ትጠይቃለች። ባለቤትህ አባቴን ከየት ታውቀዋለች?»

አታውቀውም አልኩት። ጎረቤቷ ሞታባት ነው፤ አገራችን ሩቅ ነው፤ ቀብሩ አመለጣት፤ የምታለቅስበት ቦታ አጥታ ነው አልኩት። ስናገረው ለራሴም የእብድ ወሬ መሰለኝ። ዞሮ ለእናቱ ነገራት። አሮጊቷ አንድ ነገር ተናገረች፤ ካርታ ተጫዋቾቹ በአንድነት ሳቁ።

«ምን አለች?»

«ለባሌ እንዲህ አድርጎ ያለቀሰለት የለም፤ ስላላወቀችው ነው ትላለች።»

ከዚያ አሮጊቷ ቀይ የፕላስቲክ መቀመጫ ከጎኗ ሳበችና በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ባለቤቴ ተቀመጠች። ሻይና የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ ቀረበልን። «ንፍሯቸው ነው» አለችኝ ባለቤቴ በጆሮዬ። ልጁ ለጎረቤቷም እንድትለኩስላት ቀጭን የዕጣን እንጨት አመጣላት። ባለቤቴ የእኛ እንዲህ ነው ብላ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች። አሮጊቷ የተዘረጋ መዳፍ ስታይ የሐብሐብ ፍሬ ከሳህኑ ዘግና ሞላችላት። ባለቤቴ ዱዓውን አላቋረጠችም። ፍሬውን እንደያዘች ጨረሰች፤ አሚን ብላ ፊቷን ስታብስ ፍሬው ቀሚሷ ላይ ተበተነ፤ ሁለቱም ሴቶች ጎንበስ ብለው መልቀም ጀመሩ።

መለከቱ አርፎ ማሲንቆ የሚመስል ባለ ሁለት ክር መሣሪያ ተተካ። እኔ እንግዲህ መንገዴን አገኘሁ። ይህ ቅኝት ከአምባሰል ጋር ዝምድና ሊኖረው ይችላል ብዬ ለሟች ልጅ ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠሁት። አባቱን ያጣ ሰው ስለሆነ ታገሠኝ።

ቀብሩ በማግሥቱ ጠዋት ነበር። የእኛ አውሮፕላን ደግሞ ከንጋት በፊት ይነሣል። ተሰናብተን ወጣን። ልጃችን ደውላ የመጨረሻውን ማታ እንዴት እንዳሳለፍነው ጠየቀችን። ለቅሶ ደረስን አልናት። «አባባ፣ እዚያም?» አለች። ፎቶም አልጠየቀችን።

ሐይቅ በገባን በሳምንቱ ቅሬው ወፍጮ ቤቱ ጎን ተሰበሰበ፤ እኛም ተጠራን። የሟች ልጅ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች፤ እስካሁን ለባለቤቴ ሰላምታ አልመለሰችም። ዳኛው ከቀብር የቀራችሁበትን አስረዱ አለ። እኔ ልጀምር ስል፣ «አንተ ቆይ፤ የአንተን ስትጽፈው እናነበዋለን» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ባለቤቴ ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ድንኳኑን፣ መለከቱን፣ ካርታውን። አንዱ ሽማግሌ እስላሞች ናቸው ወይስ ክርስቲያን ብሎ ጠየቃት፤ አልጠየቅኋቸውም አለች። ሌላው የሐብሐብ ፍሬ እንዴት ንፍሮ ይሆናል ብሎ ተከራከረ፤ ሴቶቹ ዝም አሰኙት።

«ቀብሩንስ?» አለ ዳኛው።

«ቀብሩን አልሄድንም።»

ዳኛው ጎንና ጎኑ ካሉት ጋር ተንሾካሾከ። «እንግዲያ ግማሽ ነው» ብሎ ፈረደ። «የደረሳችሁት ለቅሶ ይቆጠርላችኋል። ቀብሩ ግን አለባችሁ።»

ይህን ጊዜ የሟች ልጅ አንገቷን ቀና አደረገች። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ለባለቤቴ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«እናቴን በስሟ ጠራሽላቸው?»

«ጠራሁ» አለች ባለቤቴ። «ስሟን አፋቸው አልይዝላቸው አለ። ሴትዮዋ ግን እስክትችለው ድረስ ደጋገመችው።»

ይህን እኔ አላየሁም፤ ስለ ቅኝት ሳስረዳ ያመለጠኝ ነው። ልጅቱ ተነሥታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ስትመለስ የእናቷን ዱካ ይዛለች፤ እናቷ በር ላይ ቁጭ ብላ ሰው የምትዘልፍባትን። ዱካዋን ከራሷ ጎን አስቀመጠቻት።

«ቁጭ በይ፤ ስትቆሚ ታደክሚኛለሽ» አለቻት ባለቤቴን፤ በእናቷ አፍ።

ስለዚህ አእምሯችን አልሰፋም። ከሐይቅ ይዘነው የሄድነውን አንድ ልማድ አውጥተን ተጠቀምንበት፣ መልሰን ይዘነው ገባን፤ ከሻንጣው ሁሉ የጠቀመን እሱ ብቻ ነው። ፍርዱ ግን ጸንቷል፤ የቅሬ ፍርድ ደግሞ አያረጅም። አንተ ይህን የምታነብ ሰው ሳይጎን ለመሄድ ቦርሳህን እያዘጋጀህ ከሆነ፣ የማታውን ጎዳና ተወውና ጠባቡን መንገድ ያዝ። ሰማያዊ ድንኳን፣ ጥግ ላይም ካርታ የሚጫወቱ ወንዶች ካየህ ስልክህን ኪስህ ክተት፣ ግባ፣ ተቀመጥ። ጠዋት ሬሳው ሲወጣ ተነሥተህ ተከተል። አንድ ቀብር አለብን፤ ቅበርልን።