‹‹ጫካ ልገባ ነው›› ያልኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ አሰሳና ጥርጣሬ በበዛበት ዓመት፣ በጥር ወር ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የሚያስፈራ ነገር አይቼ ረስቻለሁ። ይህኛው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ከፍርሃቱ ይልቅ የሚከነክነኝ መጨረሻው ነው።

ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ሥራዬ የመንግሥት ደን መለካት ነበር። በመጪው ሰኞ ከባልደረቦቼ ጋር ከእንጦጦ ጀርባ ድንኳን ተክለን ሁለት ሳምንት ልንቆይ ነበር። መሥሪያ ቤታችን በወረቀት ላይ ‹‹የመስክ ሥራ›› ይለዋል፤ እኛ እርስ በርሳችን ‹‹ጫካ መግባት›› ነበር የምንለው።

ለእንዲህ ያለው ኑሮ ቢላዋ የግድ ነው። ባለፈው ጉዞ የያዝኩት ሰንጢ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ስልጥበት ድንገት ታጥፎ ጣቴን ለትንሽ ሳተኝ። ስለዚህ የማይታጠፍ፣ ጠንካራና በእኔ አቅም የሚገዛ ፈለግሁ። መርካቶ ያየኋቸው የውጭ አገር ቢላዎች ያምራሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም።

ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ ከሚያወጣው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ጋሽ ቱፋ የሚባሉ ብረት ቀጥቃጭ እንዳሉ ነገሩኝና ቅዳሜ ከሥራ መልስ ሄድኩ። ስለ ቀጥቃጮች የሚወራውን እንደ ማንም ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ቡዳ ናቸው፣ ከቤታቸው እህል አይቀመስም ይባላል። የተማርኩ ነኝና በዚህ አላምንም እል ነበር። ቢሆንም ሳናግራቸው ዓይናቸውን በደንብ አላየሁም።

ሁለት ቢላዋ አወጡልኝ። አንዱ ከላሜራ የተሠራ፣ ብልጭ ብልጭ የሚል፣ ርካሽ ነው። ሌላው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ጥቁርና አስቀያሚ። እኔ በብልጭታው ተታልዬ ላሜራውን ሳነሳ ጋሽ ቱፋ ከእጄ ተቀበሉኝና ጉልበታቸው ላይ ጫን አደረጉት። እንደጎበጠ ቀረ። ከዚያ ጥቁሩን አሳዩኝ፤ ብረቱ በወይራው እጀታ ውስጥ እስከ ጫፍ ዘልቋል። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ከአቅሜ አላለፈም። ጫፉ ግን መርፌ ነው። ታጥቄው ዳገት ስወጣና ስወርድ ጭኔን እንዳይወጋኝ ሰጋሁና ዱልዱም እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ።

እየሞረዱ ለምን ሥራ እንደፈለግሁት ጠየቁኝ።

‹‹ሰኞ ጫካ ልገባ ነው›› አልኳቸው።

ከኋላዬ መጥረቢያ ሊያስል የመጣ ሰው ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ መጥረቢያውን እዚያው ትቶ ወጣ። ልብ አላልኩም። በዚያን ጊዜ ጫካ ገባ የሚባለው መንግሥትን ሊወጋ የሸፈተ ሰው መሆኑን ልጅ አዋቂው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ግን ለእኔ ጫካ ማለት ሜትርና ቀለም ይዤ የምውልበት ቦታ ነው፤ ሌላው ትርጉሙ በዚያች ሰዓት ትዝም አላለኝ።

ቢላዋውን በቆዳ አፎቱ ታጥቄ ብዙም ሳልርቅ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ ደገኑብኝ።

ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወሰዱኝ፤ ሊቀመንበሩ መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተናገር አለኝ። የደን ሠራተኛ መሆኔን አስረዳሁት። ‹‹ደን ሌላ፣ ጫካ ሌላ›› አለኝ። ወደ መሥሪያ ቤቴ እንዲደውል ለመንኩት። ደወለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ የሚያነሳ ጠፋ። ከዚያ ጸሐፊውን ወደ ከፍተኛው የሚያስተላልፈኝ ደብዳቤ እንዲጽፍ አዘዘው። ከፍተኛው ከቀበሌ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው፤ እዚያ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ፣ ጨርሶ ይውጣ አይውጣም የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ማን ይነግራት ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ጋሽ ቱፋን ሽርጣቸውን እንዳሸረጡ አመጧቸው። አለቀልኝ አልኩ በልቤ። አላውቀውም ቢሉ ለራሳቸው ይበጃቸዋል፣ ለእኔ ግን ማን ይመሰክርልኛል?

‹‹ጫካ ልገባ ነው ብሎሃል ወይስ አላለህም?›› ሲል ሊቀመንበሩ ጠየቃቸው።

‹‹ብሎኛል›› አሉ። የጸሐፊው እጅ ቆመ።

‹‹ግን ጓድ ሊቀመንበር፣ ሊሸፍት የተነሳ ሰው በሰው ፊት ጫካ ልገባ ነው ብሎ ያወራል? ይኼ ሞኝ ነው እንጂ ሽፍታ አይደለም። ቢላዋውን ይምዘዙትና ይዩት፤ ጭኔን ይወጋኛል ብሎ ጫፉን ያስዶለዶመ ሰው ነው።››

ሊቀመንበሩ መዘዘውና ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አንዱ ጥበቃ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ዋስ እንዲሆኑኝ ጠየቃቸው፤ ሰኞ ከመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ይዤ ካልመጣሁ በእኔ ፋንታ እሳቸው እንደሚታሰሩም ነገራቸው። ጋሽ ቱፋ ስሜን እንኳ አያውቁም ነበር። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

ስንወጣ አረፍ እንድል ቤታቸው አስገቡኝ። ባለቤታቸው በቅቤ የታሸ ጨጨብሳ በሳህን አቀረቡልኝ። ጋሽ ቱፋ ደንግጠሃልና ብላ አሉኝ። እጄ አልዘረጋ አለ። በልጅነቴ ስለ ቀጥቃጮች የሰማሁት ወሬ ሁሉ ትዝ አለኝ።

‹‹ጾም ነኝ›› አልኩ።

‹‹ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ልጄ›› አሉኝ ጋሽ ቱፋ ቀስ ብለው። ሳህኑንም ራሳቸው አንስተው ለባለቤታቸው መለሱ።

ሰኞ ገና በማለዳ ደብዳቤውን አደረስኩ፤ እሳቸውም ከዋስትናው ነጻ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ደንበኛቸው ሆንኩ። ‹‹ሞኙ መጣ›› እያሉ ይቀልዱብኛል፣ በርጩማ ያቀርቡልኛል፣ ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል። ቂም አልያዙብኝም። ሁልጊዜ የምሄደው፣ ዛሬ ብላ ካሉኝ እበላለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ዳግመኛ ግን ብላ ብለውኝ አያውቁም። እኔም አብሉኝ ለማለት አፍ እንዳጣሁ እሳቸው ዐረፉ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።