እትዬ አቤቱታና ያልጸደቀው ሊኑክስ

እትዬ አቤቱታ ያን ሰሞን የተቆጣችው በማን ላይ ነበር? በኮምፒውተሩ እንዳይባል፣ ዕቃ ነው። በታናሽ እህቷ ባል እንዳይባል፣ ከጉድ ያወጣት እሱ ነው። በራሷ ነው እንዳይባል ደግሞ፣ ይህን ፊቷ ቆሞ የሚናገር ደፋር እስካሁን አልተገኘም።

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፋለች። ሌላ ስሟን የሚያስታውስ የለም። ዊንዶውስ ያንገሸገሻት አንድ ሐሙስ ነው። የአንዲት መበለት ማመልከቻ ሊታተም ሲል ስክሪኑ «በማዘመን ላይ ነው፣ አያጥፉ» አለና አርባ ደቂቃ ዞረ። እሷም ጣቷ እያበጠ በእስክሪብቶ ጽፋ፣ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሲል አደረሰችው።

«በገዛ ቤቴ ቆይ የሚለኝ እንግዳ አላኖርም» አለች።

ሊኑክስ የሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት እንደሚሻል ሰምታለች። ዓይነቱ ግን እንደ ዘመድ ብዙ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኙ የእህቷ ባል «መጥቼ ልምረጥልሽ» ቢላት፣ «የሰውን ጉዳይ ስጨርስ የኖርኩ የራሴ አያቅተኝም» ብላ መለሰችው። ኢንተርኔት ላይ ካለው ዝርዝር የስሪት ቁጥሩ ትልቁን፣ ቀኑ የቅርቡን ወስዳ ጫነች። በሙያዋ የኋለኛው ሕግ የፊተኛውን ይሽራል፤ የተሻረ ሕግ ጠቅሶ የሚጽፍ መሳቂያ ነው።

ሦስት ሳምንት ሰጥ ለጥ ብሎ አገለገላት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ማሻሻያ ተቀበለና ማተሚያውን አላውቀውም አለ። የአንድ ልብስ ሰፊ ይግባኝ የመጨረሻ ቀኑ ሰኞ ነው፤ ካለፈ ሱቁን ይለቃል። ሠላሳ ገጽ፣ በሦስት ቅጂ፤ በእስክሪብቶ የማይሞከር። መዝገብ ቤቱ ይግባኝ የሚቀበለው እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ሌላው ማተሚያ ቤት የሚከፍተው ገና ከዚያ በኋላ ነው።

ጥርሷን ነክሳ ጠጋኙን ጠራችው።

«ማነው ይሄን የመረጠልሽ?»

«እኔ። አዲሱ አሮጌውን ይሽራል።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አልጸደቀም። ሰው ሞክሮ ስህተቱን እንዲነግራቸው ሠሪዎቹ የለቀቁት ነው። በአንቺ ቋንቋ ረቂቅ ነው።»

ከስክሪኑ ራቅ አለች።

«ረቂቅ ይዤ ነው የሰው እንጀራ ላይ የተቀመጥኩት?»

«የጸደቀው ይኸውልሽ» አለ ፍላሽ እያወጣ። «ሁለት ዓመቱ ነው። ስህተቱን ያርሙለታል እንጂ ለዓመታት ጠባዩን አይለውጡትም። እንደ እኔ ደረቅ ነው።»

«እንዳንተማ ከሆነ ምን ይለወጣል።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ሰነዶቿን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ። አዲሱን ግን ወዲያው አልጫነም፤ ከፍላሽ አስነሳውና አንድ ገጽ አሳተማት። ማተሚያው አጉረመረመና ወረቀቱን ተፋ።

«መጀመሪያ የሚጠየቀው ማተሚያሽን ማወቁ ነበር» አላት፣ መጫን እየጀመረ።

«ያኔ ብትነግረኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር?»

«ልምጣ አላልኩሽም?»

«ሥራህን ሥራ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ይግባኙን ስትከፍት፣ በዊንዶውስ የተጀመሩት ገጾች መስመራቸው ተዛንፎ ጠበቃት። እየተራገመች አንድ በአንድ ስታቃና ነጋ። ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም አረፈበት።

«እግዜር ይስጥሽ እትዬ» አላት ልብስ ሰፊው።

«ሂድ ከፊቴ» አለችው። ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ሄደ።

በኮምፒውተሩ ግንባር ላይ «የጸደቀ። ማንም እንዳይነካው» የሚል ወረቀት ለጠፈች። በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እንቅልፍ ሲወስዳት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር።